በጅማ ከዕፅ ጋር የተያያዙ ወንጀሎችና ቅጣታቸው

ጅማና ዕፅ አብረው ሲነሱ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጫትን ነው። ሕጉ ግን ጫትን ከወንጀል አልቆጠረውም። መትከሉም፣ መሸጡም፣ መቃሙም አያስከስስም፤ እንዲያውም በአዋጅ ቁጥር 767/2004 ኤክሳይስ ታክስ ተጥሎበታል። ሻጮች እስሩን በኮባ ጠቅልለው ውኃ የሚያርከፈክፉበት ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ነው፤ ሲደርቅ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ምርቃናውም አብሮ ይወርዳል። ካቲኖን በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ሲሆን ቅጠሉ ራሱ በዝርዝሩ የለም። ጫትና ሱስን በሚመለከት በሀገራችን ከተሠሩት ጥናቶች ጥቂት የማይባሉት የወጡት ከእኛው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። ውጭ ሀገር ሕጉ ሌላ ነው፤ ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ጫትን ስለከለከለች ለዘመድ ብሎ በሻንጣ ይዞ መሄድ ያሳስራል።

የዕፅ ወንጀል በ1949ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ። ዛሬ የሚሠራበት ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሲሆን ዋናው ድንጋጌ አንቀጽ 525 ነው። ካናቢስ (ሐሺሽ) ወይም ሌላ ናርኮቲክ (አደንዛዥ) እና ሳይኮትሮፒክ ዕፅ ያለ ፈቃድ የተከለ፣ ያመረተ፣ ያከማቸ፣ ያጓጓዘ፣ የሸጠ ወይም የደለለ ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የጽኑ እስራት ጣሪያው በመደበኛው 25 ዓመት ስለሆነ ዳኛው የሚንቀሳቀስበት ክልል ሰፊ ነው፤ ይህን ለማጥበብ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አውጥቷል። ወንጀሉ በቡድን ተደራጅቶ የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በጓሮ ጥቂት እግር ካናቢስ ማብቀልም «መትከል» ነው፤ ለራሴ ነው ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ፋርማሲዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። እንደ ዲያዜፓም ያሉ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች የሚሰጡት በልዩ ማዘዣ ነው። ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ሲሆን፣ በርጫ ቤት ከጫቱ ጎን የሚቀርበው ሺሻም በዚሁ አዋጅ ታግዷል። ቃሚው ሳይጠየቅ ሺሻ አቅራቢው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጠጥቼ ነበር»፣ «መርቅኜ ነበር» የሚለው መከላከያ በፍርድ ቤት ብዙም አያስኬድም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 መሠረት ወንጀል ለመሥራት ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም። ዕድሜ ግን ይታያል፦ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በልዩ ሥርዓት ይታያል።

የአደገኛ ዕፅ ዝውውር በአዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ተደርጎ ነበር። የክልል ፍርድ ቤቶች ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ጉዳዮችን በውክልና ስለሚዳኙ፣ የጅማ ተከሳሽ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይጓዝ ጉዳዩ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሚታይበት መንገድ አለ።