አስተውሎት፣ ተመስጦና ሰውነትን ማፍታታት፦ ለስሜት ጤና የሚውሉ ልምምዶች

አስተውሎት ወይም ማይንድፉልነስ፣ ተመስጦ ወይም ሜዲቴሽን፣ ሰውነትን ማፍታታት፦ ሦስቱ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይነገራሉ። በተግባር ግን ይለያያሉ። ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ ግቡ ግልጽ ነው፤ የተወጠረን ጡንቻ ማላላት፣ የፈጠነ ትንፋሽን ማርገብ። አስተውሎት ግን ሰውን ለማረጋጋት ታስቦ የተቀመረ አይደለም። አሁን በሰውነት፣ በሐሳብና በስሜት ውስጥ ያለውን ነገር ሳይሸሹትና ሳይፈርዱበት ማየት ነው፤ ያለው ነገር ፍርሃት ከሆነ የሚታየው ፍርሃቱ ነው። መረጋጋት ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣም ልምምዱ ከሸፈ አይባልም። ተመስጦ ሰፊው ስያሜ ነው፤ ትኩረትን በትንፋሽ፣ በቃል ወይም በምስል ላይ የሚያሳርፉ ልምምዶችን ሁሉ ያቅፋል። «ቁጭ አልኩ፣ ልቤ አላረፈም፣ ስለዚህ ለእኔ አይሆንም» ብለው የሚተዉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአስተውሎት የሚጠብቁት ከማፍታታት የሚገኘውን ነው።

የጥንቱ ታሪክ ረጅም ነው። በቡድሃ ትምህርት በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» የሚባለው ቃል፣ ማስታወስንና ነቅቶ መገኘትን በአንድነት የያዘው፣ የዛሬው አስተውሎት ሥር ነው። የግብጽ በረሃ መነኮሳት አጭር ጸሎት እየደጋገሙ፣ ሱፊ የሚባሉት የእስልምና መንፈሳውያንም በዚክር፣ ማለትም የፈጣሪን ስም ደጋግሞ በማውሳት፣ የተበተነ ልብን ይሰበስቡ ነበር።

በሕክምናው ዓለም ቀድሞ የመጣው ማፍታታት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራ፣ ጡንቻን ደረጃ በደረጃ የማላላት ዘዴውን ለሕክምና ባለሙያዎች አቀረበ። አነሳሱ ቀላል ትዝብት ነበር፤ የተጨነቀ ሰው ጡንቻው እንደተወጠረ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መማር ያለበት ውጥረቱን ማወቅን ነው። ዛሬ በሚሠራበት አጭር መልኩ ሰውየው ቀኝ እጁን ይጨብጣል፤ ለአምስት ወይም ለሰባት ሰከንድ ያህል ውጥረቱ ከጣቶቹ ወደ ክንዱ ሲወጣ ይከታተላል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቅቀዋል። ዋናው ሥራ ያለው ከመልቀቁ በኋላ ነው፤ ሙቀቱን፣ ክብደቱን፣ የጣቶቹን መዘርጋት ሳይቸኩል ይመለከታል። ከዚያ ወደ ግንባር፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ይሄዳል። ጃኮብሰን ራሱ ያሠለጥን የነበረው በብዙ ወራት ነው። ያሳጠረው በ1950ዎቹ ፍርሃትን ቀስ በቀስ የማላመድ ሕክምናን የቀመረው ጆሴፍ ዎልፒ ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ዘዴ የሚገባውን ያህል ስም አላገኘም፤ ምንም ዓይነት እምነት ሳይጠይቅ፣ አእምሮው እየተንከራተተበት ላለ ሰው የሚጨበጥ ነገር ይሰጠዋልና። በጀርመን ደግሞ ዮሐነስ ሹልትዝ በ1932 ኦቶጀኒክ የሚባለውን፣ ክብደትንና ሙቀትን በሐሳብ የመቀስቀስ ሥልጠና አወጣ።

የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ ሲያሰላስሉ የቆዩ ሰዎችን ለካ። የኦክስጅን ፍጆታቸው ቀንሶ፣ ትንፋሻቸው ረግቦ አገኘው። በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን «የመፍታታት ምላሽ» ብሎ ጠራው፤ ሰውነት በአደጋ ጊዜ ለመጋፈጥ ወይም ለመሸሽ ከሚያደርገው ዝግጅት ተቃራኒ መሆኑ ነው። አሠራሩን ማንም በእጁ ሊዳስሰው ይችላል። የእጅ አንጓ ላይ ጣት አሳርፎ በዝግታ የሚተነፍስ ሰው፣ አየር ሲያስገባ የልብ ምቱ ትንሽ ሲፈጥን፣ ሲያስወጣ ትንሽ ሲዘገይ ሊሰማው ይችላል። ከአንጎል ግንድ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው ይህን የሚያደርገው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ አወጣጡን ረዘም አድርጎ መተንፈስ የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

አስተውሎት ወደ ሆስፒታል የገባው በ1979 ነው። በሞለኪውላር ባዮሎጂ ዶክትሬት የነበረው ጆን ካባት-ዚን፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ሥር የሰደደ ሕመማቸውን ላላቆሙላቸው ሰዎች የስምንት ሳምንት ሥልጠና ከፈተ። ሳምንታዊው ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ ይውላል፤ በቤት ደግሞ በየቀኑ ማለት ይቻላል 45 ደቂቃ ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኙ አንዲት ዘቢብ ይሰጠዋል። ቶሎ አይበላትም፤ ሽብሽቧን ያያል፣ ያሸታታል፣ በጆሮው አጠገብ ያሻታል፣ ከንፈሩ ላይ ያሳርፋታል፣ ምራቁ ሲመጣ ይመለከታል። ሰውነትን በዝርዝር መቃኘት የሚባለው ልምምድም ከግራ እግር ጣቶች ተነሥቶ እስከ ራስ ቅል ይደርሳል። ትኩረት ይሸሻል፤ የሸሸበትን አይቶ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለታማሚዎች ክብር ሰጥቶ፣ የሃይማኖት ልብሱን አውልቆ በሥርዓት መቅረቡ ትልቅ ሥራ ነው።

ከዚህ የተወለደው፣ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የቀመሩት፣ አስተውሎትን ከአስተሳሰብ ሕክምና ጋር ያጋባው ዘዴ፣ የድባቴን ማገርሸት ለመከላከል ነው። በ2000 የወጣው የመጀመሪያ ሙከራቸው 145 ያገገሙ ሰዎችን ይዞ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት ውስጥ በተለመደው ክትትል ላይ ከነበሩት 66 በመቶ፣ ከሠለጠኑት 37 በመቶ ድባቴው እንደተመለሰባቸው አሳየ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን አልረዳም። በ2004 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለታመሙት መከረው።

ስለ ተመስጦና አስተውሎት ጥቅም በሰፊው የሚነገረው ሁሉ ግን በማስረጃ አይደገፍም። በ2014 በጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን የታተመ ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ሰዎችን ሰብስቦ፣ በጭንቀት፣ በድባቴና በሕመም ላይ መጠነኛ መሻሻል አገኘ፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። በ2022 የወጣ ሌላ ሙከራ የካባት-ዚንን የስምንት ሳምንት ሥልጠና ኤሲታሎፕራም ከሚባለው የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ፣ በጭንቀት ሕመም ላይ ከመድኃኒቱ እንዳላነሰ ዘግቧል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ያሳተፈው፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ የአስተውሎት ሥልጠናን የፈተነው ጥናት ደግሞ ከተለመደው ትምህርት የተለየ ጥቅም አላየም። ምናልባት ታዳጊዎቹ በቤታቸው ብዙም ስላልተለማመዱ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ ውጤት ነው።

ጉዳቱም ሊጠቀስ ይገባል። በ2020 የወጣ የ83 ጥናቶች ግምገማ ተመስጦን ከሚለማመዱ ሰዎች 8 በመቶ ያህሉ ላይ ያልተፈለገ ነገር፣ በተለይም ጭንቀትና ድባቴ፣ እንደተመዘገበ አሳይቷል። ከባድ ጥቃት ወይም አደጋ ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲመለከት ያ ነገር ተመልሶ ሊገነፍልበት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ብልህ አሠልጣኝ ዓይኑን ገልጦ እንዲቀመጥ፣ እግሩ መሬት መርገጡን እንዲያስተውል፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ድምፅን እንዲከታተል፣ ከሃያ ደቂቃ ይልቅ በሦስት ደቂቃ እንዲጀምር ያደርገዋል፤ ከባሰበት ያቆመዋል፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያም ይመራዋል።