ራስን ለመከላከል ማርሻል አርት ሲመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ራሱን ለመከላከል ስፖርት ልጀምር ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ቴኳንዶ ይሻላል? ካራቴ? ውሹ? ወይስ ቦክስ?» ብሎ ነው። መልስ የሚሰጠውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሠራውን ስፖርት ያሞግሳል። በመሀል ተማሪው ገንዘቡንና ዓመታቱን ይከፍልበታል። ደጋግመን የምንሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ከነምክንያታቸው እንያቸው።

«ዋናው የስፖርቱ ዓይነት ነው»

አይደለም። ዋናው የሚለማመዱበት መንገድ ነው። አንድን ምት ሺህ ጊዜ በባዶ አየር ላይ የሠራ ሰው፣ እምቢ በሚል ሰው ላይ ካልሞከረው በጭንቅ ሰዓት አይመጣለትም። ርቀት መገመት፣ ጊዜውን መጠበቅ፣ ሲገፉት ሚዛንን መያዝ የሚለመዱት ከሚሸሽ፣ ከሚይዝና መልሶ ከሚመታ ሰው ጋር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ማሟሟቂያውና ማሳሳቢያው ሁሉም ጋ አንድ ነው፤ ዓይንዎን የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ያድርጉ። ፋይት አለ? በሳምንት ስንት ቀን? የጥርስና የጭንቅላት መከላከያ ይደረጋል? አዲስ ገቢው ከማን ጋር ይገጥማል? ጉልበቱ ሲበዛ አሰልጣኙ ያስቆማል ወይስ ያጨበጭባል? ጓደኛው እጁን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ በቆመበት ብቻ የሚሠራ ቴክኒክ ከሆነ የሚያዩት ትርኢት ነው። «የእኛ ቴክኒክ ገዳይ ስለሆነ ፋይት አንገጥምም» ከተባሉ ደግሞ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

«ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው አይደፈርም»

የዳን ደረጃን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ እርከኖችን፣ ወደ ማርሻል አርት ያመጣው፣ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ነው። ቀበቶ የሚነግረን ተማሪው በዚያ ቤት ሥርዓተ ትምህርት የት እንደደረሰ ነው። በአይቲኤፍ (ከኦሊምፒኩ በተለየው ዓይነት) ቴኳንዶ 24 ቱል፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተያያዙ የምትና የመከላከል እንቅስቃሴዎች፣ አሉ፤ እነሱን አሳምሮ መሥራት ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ክብርም ይገባዋል፤ ግን ብቻውን የሚሠራ ነው።

የውድድር ሕግም ልማድ ይተክላል። በኦሊምፒኩ የቴኳንዶ ዓይነት ፊትን በቡጢ መምታት፣ ከወገብ በታች መርገጥና መያዝ አይፈቀድም። ለዓመታት በዚህ ሕግ ብቻ የተጫወተ ሰው ፊቱ ላይ ቡጢ ይመጣል ብሎ ስለማይጠብቅ እጁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። መንገድ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ወደ ፊት የተወረወረ ቡጢ ወይም የልብስ ጭምደዳ ነው። ቴኳንዶን የሚወዱ ከሆነ አይተዉት፤ አሰልጣኙን ግን ቡጢ ወደ ጭንቅላት የሚፈቀድበትና መያያዝ ያለበት ልምምድ እንዲጨምር ይጠይቁት። ሌላ ምርጫ ከሌለና አንድ ብቻ መያዝ ካለብዎ፣ ጥሩ አሰልጣኝ ያለው ቦክስ ርቀትን፣ ፊት መከለልንና ሲመቱ አለመደንገጥን ቶሎ ያስተምራል። የጎደለው መያያዝና አወዳደቅ ነው።

«ከፍ ያለ እርግጫ የሚችል አሸናፊ ነው»

ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ የሚተላለፍባቸው መተላለፊያዎች አሉ፤ እዚያ እግር ለማወናጨፍ ቦታም የለም። ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሷል። ድሬ ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ብዙ ሰው በነጠላ ጫማ ነው የሚውለው፣ አሸዋም አለ። የቆመው እግር ሲንሸራተት ረጋጩ ራሱ ይወድቃል። ከጉልበት በታችና ጭን ላይ የሚያርፍ ዝቅ ያለ እርግጫ ይበልጣል። በሚሄዱበት ጫማና ሱሪ አልፎ አልፎ ይለማመዱት።

«መውደቅን መማር የጁዶ ሰው ጉዳይ ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትግል ባይገጥምዎት እንኳ ከደረጃ ወይም ከባጃጅ ሲወርዱ የሚያድንዎት ይኸው ነው። በጠብ ውስጥ ብርቱ ጉዳት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቡጢው ሳይሆን ጭንቅላት ከአስፋልት ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ነው።

ወደ ኋላ አወዳደቅ እንዲህ ይለመዳል። መጀመሪያ ቁጢጥ ይበሉ። አገጭዎን ደረትዎ ላይ ይለጥፉ፣ ዓይንዎ ቀበቶዎን ይይ። ጀርባዎን አጉብጠው፣ መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ አስጠግተው ይንከባለሉ። ጀርባ ሲነካ ሁለቱን ክንዶች ከጎንዎ በ45 ዲግሪ ገደማ፣ መዳፍ ወደ ታች አድርገው መሬቱን ይምቱ፤ ትንፋሽም ያውጡ። ከቁጢጥ ሲጠራ ብቻ ከቆሙበት ይሞክሩ። የተለመደው ስህተት እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መደገፍ ነው፤ ክብደቱ በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ስለሚያርፍ አጥንት ይሰበራል። ሁለተኛው አገጭን መልቀቅ ነው፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወርውሮ ይመታል። የጁዶ ማት ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የሚጥል ቤት ግን ተማሪውን እየጎዳ ነው።

«ቡጢዬን ካጠነከርኩ ይበቃል»

ባዶ ቡጢ ከራስ ቅል ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ቡጢው ነው። የሚሰበሩትም ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያሉት የእጅ አጥንቶች ናቸው። ጂም ውስጥ ይህ አይታይም፣ ጓንትና የእጅ መጠቅለያ አለና። ስለዚህ ወደ ጭንቅላት በመዳፍ ተረከዝ (ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው የመዳፍ ክፍል) መምታትን፣ ቡጢን ደግሞ ለሆድ ማስቀረትን ይልመዱ። የሌላ ሰው ጥርስ ጣትዎን ከሰነጠቀው ትንሽ ቁስል ነው ብለው አይተዉት፤ በፍጥነት ስለሚመረቅዝ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

«ቢላ መቀማት ከተማርኩ አልፈራም»

አንድ ማርከርና አሮጌ ነጭ ካናቴራ ይበቃል፤ ሞክሩት። ማርከሩን እንደ ቢላ የያዘው ጓደኛ እንደ ትርኢቱ አንድ ጊዜ ዘርግቶ አይቁም፤ በግራ እጁ ልብስ ይያዝ፣ በቀኙ እየመለሰ ይውጋ። ከ10 ሰከንድ በኋላ ካናቴራው ላይ ያሉትን ምልክቶች ቁጠሩ፤ አንገትና ሆድ ላይ ያለው ቀለም ሁሉን ይናገራል። ቢላ የያዘ ሰው ስልክ ከፈለገ ስልኩን ይስጡት፤ ቀጥሎ ወዲያው ሲም ያስዘጉ። መሸሽ ካልተቻለ ቦርሳ፣ ወንበር ወይም የቆመ ባጃጅ በመሀል ያስገቡና ይጩኹ።

«ቴክኒክ ካለ ክብደት ምንም አይደለም»

ክብደት ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ቦክስም ጁዶም ተወዳዳሪን በኪሎ ባልከፈሉ ነበር። በተለይ እህቶቻችን ከእኩያቸው ጋር ብቻ ከተለማመዱ ይሸወዳሉ። የእጅ አንጓ ሲያዝ መውጫው የያዘው ሰው አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ክፍተት ነው፤ በዚያ በኩል ክርንን ወደ እሱ አጥፎ መሳብ። ይህን ግን በ15 እና በ20 ኪሎ ከሚበልጥ፣ በእውነት ከሚይዝ ጓደኛ ጋር መሞከር ያስፈልጋል። ከተላቀቁ በኋላ የሚቀረው ወደ ብርሃንና ወደ ሰው መሮጥ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠናም ንቃት ይሰጣል እንጂ ልማድ አይሆንም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቢያንስ ግማሽ ዓመት ይያዙ።

«ላብ በበዛ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል»

ላስቲክ ለብሶ ማላብ የሚያወጣው ውኃ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ አደገኛ ነው። ልምምድን ጠዋት በ12 ሰዓት ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ያድርጉ፣ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ውኃ ይጠጡ። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የንግግር መወላገድ ከመጣ ልምምዱ ወዲያው ይቁም፤ ሰውየው ወደ ጥላ ገብቶ ውኃ ይፍሰስበት። ሐረር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ይቀላል። ከበርጫ ተነስቶ ማታ ፋይት መግባት ግን በሁለቱም ከተማ መቅረት አለበት፦ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምንም ይደብቃል። ሰውነት «በቃኝ» የሚልበትን ምልክት ተማሪው አይሰማውም።

«ራስን መከላከል ከሆነ ያሻኝን ባደርግ አልጠየቅም»

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የሚጠብቅዎት ጥቃቱ ሕገወጥ ሲሆን፣ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ሌላ ማምለጫ ሲታጣና አጸፋው ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ሰውየው ወድቆ ከተረገጠ፣ ወይም ሲሸሽ ተከታትለው ከመቱት መከላከሉ አብቅቷል፤ አሁን ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ጥሩ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ምቱን ከማቆም ጋር ያስተምራል። ጉዳት ከደረሰብዎ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ታይተው ማስረጃ ይያዙ፣ ያዩ ሰዎችን ስም ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ቃልዎን ይስጡ።