የክሊኒክ ታፔላ ሲበዛ የቆዳ ሐኪም በዛ ማለት አይደለም

ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሙያዬን የሚያውቁ አንድ የቤተ ዘመድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ዶክተር፣ እናንተማ አሁን ገበያችሁ ደርቷል፤ ከቦሌ እስከ ሳር ቤት የቆዳ ክሊኒክ ታፔላ ብቻ ሆኗል፤ በዛችሁ እኮ!» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ክርክር አይያዝምና ዝም አልኩ። ይህንኑ ቃል ግን ከታክሲ ሾፌር፣ ከጎረቤት፣ ይባስ ብሎም በሌላ የሕክምና ዘርፍ ከሚሠሩ ባልደረቦቼ አፍ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ያን ቀን የዋጥኩትን መልስ እዚህ እጽፈዋለሁ። ተያይዘው የሚነሡትን ሌሎች ስሕተቶችም እግረ መንገዴን እነካቸዋለሁ፤ ዋናው ጠቤ ግን ከታፔላው ጋር ነው።

«ክሊኒኩ ሞልቷል፤ ታዲያ የምን የቆዳ ሐኪም እጥረት ነው?»

ታፔላ የሚቆጥር ሰው አንዱን ሐኪም ሦስት ጊዜ እየቆጠረ መሆኑን አያስተውልም። አንድ የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ በአንድ የግል ክሊኒክ፣ ቅዳሜ ደግሞ በሌላ ክሊኒክ ይሠራል። እኔ ራሴ በሁለት ታፔላዎች ሥር የምገኝ አንድ ሰው ነኝ። በተጨማሪም በብዙዎቹ በሮች ላይ «ስኪን ኬር» ተብሎ የተጻፈው ጽሑፍ የሕክምና ተቋም ምልክት አይደለም፤ ከውስጥ ያለው የውበት ባለሙያ ነው፣ አንዳንዴም አጭር ኮርስ ወስዶ ማሽን የገዛ ነጋዴ ነው። ለፊት እንክብካቤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው እዚያ ያየውን ነጭ ጋዋን ከሐኪም ቁጥር ጋር የሚደምረው ነው። ወደ አንድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት «እዚህ የሚያክመኝ ሰው የሙያ ፈቃዱ በምን ዘርፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጥያቄው የሚቆጣ ቤት ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ከቁጥሩ የሚብሰው ደግሞ የታፔላዎቹ ሥፍራ ነው። ገበያ የሚከተለው በሽታውን ሳይሆን ከፋዩን ነው። የጸጉር ማስወገጃ ሌዘር፣ የማድያት ሕክምና፣ ቦቶክስና የመሳሰሉት በጥሬ ገንዘብ የሚከፈልባቸውና ደንበኛው በተደጋጋሚ የሚመለስባቸው አገልግሎቶች ናቸው። እከክ ግን በርካሽ መድኃኒት፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ከታከመና ልብሱና አንሶላው ከታጠበ የሚያልቅ ጉዳይ ስለሆነ ማንም ታፔላ አይሰቅልለትም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ሳቢያ ውኃ በጠፋባቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ እንደ ወረርሽኝ ተዛምቶ የጅምላ ሕክምና ዘመቻ እስኪደረግ ድረስ ደርሶ ነበር። በሽተኛው ሞልቶ ተርፎ ነበር፣ ገበያ ግን አልነበረም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ «ፍላጎት» የሚባለው መክፈል የሚችል ሰው ፍላጎት መሆኑን የረሳ ሰው ነው ከቦሌ ታፔላ ተነሥቶ ስለ አገር የሚደመድመው።

በአገራችን ደህና የቆዳ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች የበርካቶቹ ታሪክ ከውበት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ነው። በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳም ሆነ በሐረር አቅራቢያ ያለው ቢሲዲሞ መነሻቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። እነዚህ ቦታዎች የተመረጡት ከከተማው ሰው ዐይን ራቅ እንዲሉ ነበር፤ ዛሬ ግን የገጠሩ ሰው «የቆዳ ሐኪም አለ» ሲባል ሰምቶ የሚጓዘው ወደ እነርሱው ነው። በሥራ ቀን ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ በካርድ ክፍል በር ላይ የተሰለፈውን ሰው ያየ፣ የታፔላውን ነገር ዳግመኛ ባላነሣ ነበር።

አንድ ገጠመኝ ላንሣ። ከሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳ አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ጉንጩ ላይ የወጣበት ቁንጭር ወደ አፍንጫው ተስፋፍቶ ነበር። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ጥገኛ ተውሳኩ በደጋው አገር በሽኮኮ ገላ ውስጥ ይኖራል፤ በገደልና በዋሻ አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ የሚበረታውም በዚህ ምክንያት ነው። አባትየው በመጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ የባህል ሐኪም፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የወረዳው ሆስፒታል ሄደዋል። በሁለቱ የጤና ተቋማት የተሰጣቸው አንቲባዮቲክ ለዚህ በሽታ አንዳች አይፈይድም። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ምርመራው ቁስሉን በቀጭኑ ጭሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ የጨረስነው በዚያው ዕለት ነው። ሕክምናውም ሳምንታት የሚወስድ መርፌ እንጂ ተአምር የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። ልጁ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ሁለት ዓመት የዘገየ ሕክምና ጠባሳ ነው፣ አይጠፋም።

ስፔሻሊስት የማይደርስበት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ክፍተቱን የሚሞላው የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ የሚያልቅበት ጉዳይ ስላለ ረዘም አደርገዋለሁ። አንዲት የሃያ አራት ዓመት ወጣት በፊቷ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ጭርት ወጥቶባት፣ ጓደኛዋ የነገረቻትን ቅባት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ገዝታ ለአሥራ አንድ ወር ተቀብታለች። ቅባቱ ክሎቤታሶል የሚባለው እጅግ ብርቱ ስቴሮይድ ከፀረ ፈንገስና ከአንቲባዮቲክ ጋር የተደባለቀበት ነበር። ስቴሮይዱ የቆዳን የመከላከል ምላሽ ስለሚያፍን ማሳከኩና መቅላቱ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ተጠቃሚዋም «ሠራልኝ» ትላለች። ፈንገሱ ግን ከልካይ ስለሌለው ከሥር ይስፋፋል፤ መልኩም ከመለወጡ የተነሣ ሐኪም እንኳ ሲያየው ጭርት መሆኑ አይታወቀውም። በዚያ ላይ ቆዳዋ ሳስቶ የደም ሥሮቿ ይታዩ ነበር፣ በጉንጮቿ ላይ ጸጉር አብቅላለች፣ ብጉርም ተጨምሮባታል። ለማቅላት ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ይኸው ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ሃይድሮኪኖን፣ የከፉት ደግሞ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ስለዚህ የቱቦውን ጀርባ አንብቡ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለበት ሐኪም ሳያዝዘው ፊት ላይ፣ በብብትና በብሽሽት፣ በሕፃን ገላም ላይ አይቀባም። ለወራት ስትጠቀሙበት ከቆያችሁ ደግሞ በድንገት ስታቆሙት ቆዳው በአንድ ጊዜ ሊቆጣ ስለሚችል፣ ተደናግጣችሁ እንደገና ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ታዩ። ስቴሮይድ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ለችፌ በትክክለኛው መጠንና ለትክክለኛው ጊዜ ሲታዘዝ እኔም በየቀኑ የምጽፈው መድኃኒት ነው። ይህን የምለው ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ የልጃቸውን የችፌ ቅባት የሚጥሉ እናቶች እንደማይጠፉ ስለማውቅ ነው።

«የቆዳ በሽታ አይገድልም»

ይገድላል። በአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና በኮትሪሞክሳዞል ሳቢያ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሰው ተልጦ ሆስፒታል የሚገባ ታካሚ ያየ ሰው ይህን አይልም። የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ምልክትም ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የቆዳ በሽታዎችን የዓለም የጤና ቅድሚያ ጉዳይ አድርጎ ውሳኔ ያሳለፈው በከንቱ አይደለም።

«ሥጋ ደዌ ጠፍቷል»

ሥጋ ደዌ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ አበቃ የሚባለው ሕሙማኑ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ሲሆኑ ነው፤ ኢትዮጵያ ይህን መለኪያ በ1999 እ.ኤ.አ. አሟልታለች፤ ይህ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። የሚጎድለው፣ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ሲያይ ሥጋ ደዌን የሚጠረጥር ወጣት ባለሙያ ነው። ለምጽና ሥጋ ደዌ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውንም በዚሁ አጋጣሚ ልድገመው፤ ለምጽ አይተላለፍም፣ አያደነዝዝምም።

«የሕክምና ትምህርት ቤት ከተጨመረ እጥረቱ ያበቃል»

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል። ውጤቱን ሁላችንም እያየን ነው፤ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ፣ የቆዳ ስፔሻሊስት የሌለው ዞንም እንደነበረው አለ። ሁለቱ በአንድ አገር ሊኖሩ መቻላቸው የሚያስገርመው፣ ጠቅላላ ሐኪምን ከስፔሻሊስት ለይቶ የማያይ ሰው ብቻ ነው። ከመጀመሪያው የሕክምና ትምህርት ዓመት እስከ ስፔሻሊስትነት ድረስ አሥር ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ማነቆውም ያለው በመጨረሻው ደረጃ ነው። ሬዚደንትን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪምን) ለማሠልጠን አስተማሪ ስፔሻሊስት፣ የቆዳ ናሙና የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያና የተለያየ ሕመም ያላቸው በርካታ ታካሚዎች ያስፈልጋሉ። አስተማሪው ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ከሆነ፣ የሬዚደንቱ ትምህርት በግማሽ ቀን ይቆረጣል። በደመወዙ የወር ወጪውን መሸፈን ያልቻለን ሰው ለምን ሄድክ ብሎ መውቀስ ግን አይቻልም።

«የሠለጠኑት ሁሉ ውጭ አገር ይሄዳሉ»

በሌሎች ዘርፎች ይህ አባባል ክብደት አለው፤ በቆዳ ሕክምና ግን የተጋነነ ነው። በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና ሥልጠና እጅግ ብርቱ ሽሚያ ካለባቸው ዘርፎች አንዱ ሲሆን፣ እዚህ ስፔሻሊስት የሆነ ሰው እዚያ ለመሥራት በአብዛኛው ሥልጠናውን እንደገና ከሀ መጀመር ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙው ባለሙያ የሚፈስሰው ወደ ዋሽንግተን ሳይሆን ከመንግሥት ሆስፒታል ወደ ግል ክሊኒክ፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ነው። ይህን ፍሰት ቪዛ አይከለክለውም።

እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወረፋ የለም» ሲሉኝ ደግሞ ፈገግ እላለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. በ15 ትላልቅ የአሜሪካ ከተሞች በተደረገ ቅኝት፣ አዲስ ታካሚ የቆዳ ሐኪም ለማየት በአማካይ 34.5 ቀን ይጠብቅ ነበር። እዚያም ሐኪሙ የሚከማቸው ገንዘብ ባለበት ከተማ ነው፤ ገጠሩ ሩቅ ይነዳል።

«ሌዘሩን የሚያስወድደው የሐኪሙ ስስት ነው»

ስስታም ሐኪም የለም አልልም። ማሽኑ፣ መለዋወጫውና መድኃኒቱ ግን የሚገዙት በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ጤፍ የሚገዛ ሁሉ ያውቃል።

«የቆዳ በሽታን ማከም ያለበት የቆዳ ስፔሻሊስት ብቻ ነው»

ይህን ስሕተት በብዛት የሚናገሩት ሐኪሞች ስለሆኑ የምናገረው ለባልደረቦቼ ነው። በጤና ጣቢያ ከሚታየው የቆዳ ሕመም አብዛኛው እከክ፣ የፈንገስ በሽታ፣ ችፌ፣ እባጭና የመሳሰለው ጥቂት ዓይነት ነው። ይህን ለይቶ የሚያክምና የማያውቀውን በጊዜ ሪፈር የሚያደርግ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ማሠልጠን ይቻላል። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን ለዚህ ሥራ ሲያበቃ ኖሯል፤ በማሊም ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ምርመራቸውንና የመድኃኒት አሰጣጣቸውን እንዳሻሻለ በጥናት ታይቷል። ከላይ ያነሣሁት ልጅ ወረዳው ሆስፒታል ውስጥ ቁንጭርን የሚያውቅ አንድ ነርስ ቢያገኝ ኖሮ ወደ እኔ የሚላከው ከሁለት ዓመት በፊት በሆነ ነበር።

«ፎቶ በቴሌግራም ከላክሁ ምን ያህል ወረፋ አስፈለገኝ?»

ፎቶ ይረዳል፤ እኔም ከክልል ሆስፒታል ባልደረቦች የሚላክልኝን አያለሁ። ሆኖም ፎቶ መደንዘዝን አይነግረኝም፣ መጠጠሩን በጣቴ አልነካውም። ከፎቶ ተነሥቶ በሽታ እለያለሁ የሚለው የስልክ መተግበሪያም በአብዛኛው የተማረው ከነጭ ቆዳ ምስሎች ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ብግነት በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ይመስላል፤ መሣሪያው ሲስት የሚስተው በእኛ ላይ ነው። የግድ መላክ ካስፈለገ ግን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽና ያለ ማሳመሪያ፣ አንዱ ከቅርብ ሌላው ከራቅ ብሎ ይነሣ፤ መቼ እንደጀመረና ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። እስካሁን የተቀባችሁት ቅባት ሁሉ ቱቦውም አንድ ላይ ተደርድሮ ፎቶ ይነሣልኝ፤ ከቆዳው ፎቶ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ እርሱ ነው።