ሬስቶሬሽን ምንድን ነው? አንዲት ኤምጂቢ በቤት ጋራዥ ውስጥ

በአማርኛ የተበላሸ መኪና ይጠገናል፣ ያረጀ ቤት ይታደሳል። የጥንት ስፖርት መኪና አፍቃሪዎች «ሬስቶሬሽን» የሚሉት ሥራ ግን ከሁለቱም ይለያል። ጥገና መኪናዋ ነገ ጠዋት ተነሥታ እንድትሄድ ያደርጋል፤ በምን ዕቃ እንደሆነ ብዙም አይጨነቅም። እድሳት ያረጀውን አዲስ ያስመስላል። ሬስቶሬሽን ደግሞ መኪናዋን ፋብሪካው በሠራበት መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ብረት፣ ብሎንና ቀለም ወደ ቀድሞ ይዞታዋ መመለስ ነው። የዚህ «የቀድሞ ይዞታ» አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ከቀለም ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው። ሥራውን አድካሚም አስደሳችም የሚያደርገው ይኸው ነው።

ነገሩን በአንዲት መኪና ላስረዳ፤ በእንግሊዟ ኤምጂቢ። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦክስፎርድ አቅራቢያ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ተመርታለች። 1798 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ ሁለት መቀመጫ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ አላት። በ1965 ባለ ብረት ጣሪያዋ ጂቲ ተጨመረች፤ ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በቤቱ ጋራዥ ሥራውን ለሚጀምር ሰው ከእርሷ የተሻለች መኪና አላውቅም። ሞተሯ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም፤ መለዋወጫዋም እስከ ዛሬ ይመረታል። ቢሆንም የብዙ ሰው ትዕግሥት የተሟጠጠው በእርሷው ላይ ነው። ምክንያቱ ሞተሩ ሳይሆን የበሯ ደፍ ነው።

ከእርሷ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራት፤ ገላዋ በላዩ ላይ የተቀመጠ ልብስ ነበር ማለት ይቻላል። ኤምጂቢ ግን የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚሸከመው የተበየደው ገላዋ ራሱ ነው። ክፍቷ መኪና የብረት ጣሪያ ስለሌላት የፊቱን ከኋላው ጋር አጥብቆ የመያዙ ሥራ በአብዛኛው የወደቀው ከበሮቹ በታች ባሉት ሁለት ደፎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ደፍ ከውጭ የሚታይ አንድ ላሜራ ይመስላል። ሲከፈት ግን ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ ላሜራዎች ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ፤ ከሥራቸውም ሁሉንም የሚያስር የታጠፈ ብረት አለ። ሁሉም በአንድነት ተበይደው ጠንካራ ሳጥን ይሆናሉ።

ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ሳጥን ነው። የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከጎማው ኋላ ባለው የመከላከያ ላሜራ በኩል ሾልኮ ይገባል፤ የላሜራው የጎማ ማሸጊያ ከጊዜ ብዛት ይደርቃልና። ጭቃው እዚያ ተከማችቶ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ውኃውን ይይዛል። በእንግሊዝ አገር ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲታከልበት ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት በታየችበት ቀን መካከለኛው ላሜራ ካለቀ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ነው ጥገናና ሬስቶሬሽን የሚለያዩት። ፈጣኑ መንገድ በበሰበሰው ደፍ ላይ አዲስ ላሜራ መለጠፍ፣ ክፍተቱን በስቱኮ መድፈን፣ ከዚያም ቀለም መቀባት ነው። እንዲህ የተሸፈነች መኪና በገበያ ላይ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ገዢ ሊሆን የሚያስብ ሰው በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዞ ቢሄድ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ማግኔቱ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። እኔ በበኩሌ ቀለሟ የሚያብለጨልጭ፣ ታሪኳ ግን የማይታወቅ መኪና ከምገዛ ይልቅ ቀዳዳዋ የሚታይ ዝገታም መኪና ብገዛ እመርጣለሁ። የሚታይ ቀዳዳ አይዋሽም።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው። ደፉ ከፊትና ከኋላ የጎማ መሸፈኛ ላሜራዎች ሥር ገብቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ በብሎን የታሰረው የፊቱ መውለቅ አለበት፤ የተበየደው የኋላው ደግሞ ከታች በኩል መቆረጥ አለበት። ከመቁረጥ በፊት ግን መለካት ይቀድማል። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ነው ወይ? ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ መኪናዋ ከመካከል መጎበጥ ጀምራለች ማለት ነው። ገላው ባለበት እንዲጸና በተስተካከሉ መቆሚያዎች ላይ ይቀመጣል፤ በበሩ ክፍት ቦታ ላይም ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ የብረት ድጋፍ ይበየዳል። ከዚያ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታል፤ እርሱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። አዲሱ ላሜራ መጀመሪያ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ በሩ በመታጠፊያው ላይ ተሰቅሎ መዘጋቱ ይታያል፤ በነጥብ በነጥብ ይበየዳል፤ በሩ እንደገና ይሞከራል። ይህን ሥርዓት ንቆ ሁለቱንም ደፎች በአንድ ቅዳሜ የቆረጠ ሰው አመሻሹ ላይ ማዕዘኑ የተዛባ ገላ ይጠብቀዋል። ያን ገላ ቀለም አያቃናውም።

ቦታው የቤት ጋራዥ መሆኑም የራሱ ሕግ አለው። ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚን ታንኩ ይወርዳል፣ ባትሪው ይፈታል። የድሮ የፍሬን ሸራዎች ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ስላለባቸው አቧራቸው በአየር ግፊት አይነፋም፤ ረጥቦ ይጠረጋል። የኤምጂቢ ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 13 ቁልፍ ይገባል፣ ነገር ግን ይላላል፣ በዝገት የተያዘውንም ራስ ያከባል። የተፈታው ሁሉ ስሙ ተጽፎበት ለየብቻው ይቀመጣል፤ ከመፈታቱ በፊትም ፎቶ ይነሣል። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ዳዶ ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ሥራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት አያንስም።

የእኛ አገር መካኒኮች ለዚህ ሥራ የሚሆን ቋንቋ አላቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ላሜራ፣ ካንዴላ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ ገብተው አማርኛ ሆነዋል። አሮጌ ላሜራ በመዶሻና በእጅ ስሜት የሚያቃና ባለሙያ በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ዛሬም አለ። በእንግሊዝ አገር ይህ እጅ ብርቅ እየሆነ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ስንት ነገር ተለውጦ ነው መኪናዋ አሁንም ያቺው የምትሆነው? ከ1988 ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለ ድርጅት የፋብሪካውን የድሮ ላሜራ መቅረጫ መሣሪያዎች ተጠቅሞ ሙሉ የኤምጂቢ ገላ እየሠራ ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ሰው የዛገውን ጥሎ አዲስ ገላ ማስመጣት ይችላል። በሩ በትክክል ይዘጋል፣ ደፉ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በ1960ዎቹ የተበየደው ብረት ሄዷል።

ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር ለዚህ መልስ ይሞክራል። መነሻው ለሐውልቶችና ለሕንፃዎች በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ነው። ዋና ሐሳቡ የተረፈውን ኦሪጅናል አካል በተቻለ መጠን ማቆየት፣ የግድ የሚለወጠውን መመዝገብና አዲስነቱ እንዲታወቅ ምልክት ማድረግ ነው። የጎንደርን ግንቦች ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ ያ ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በአብዛኛው በኖራ ተተክቷል። በግንቡ ላይ ሲሚንቶ፣ በደፉ ላይ ስቱኮ፤ ሁለቱም ለጊዜው ይይዛሉ፣ ግን የዚያ ነገር አካል አይሆኑም።

ይህ ማለት ምንም አይለወጥ ማለት አይደለም። የኤምጂቢ ሞተር የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው፤ ያ ቤንዚን ዛሬ ስለሌለ በቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተር ክፍል) ላይ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ማስገባት የተለመደ ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ መኪና የተሠራችው ልትነዳ ነው፣ ለውጡም አይታይም። በሌላ በኩል በ1974 መጨረሻ የአሜሪካን ሕግ ለማሟላት ትልቅ ጥቁር ፓራውልት የተደረገላትን መኪና በክሮም ፓራውልት የምታበራ የ1960ዎቹ መኪና ማስመሰል ሬስቶሬሽን አይባልም። ውበቱን አልክድም። ግን ያቺ መኪና ያን ፓራውልት ይዛ ነው የተወለደችው፤ እርሱም የዘመኗ ምስክር ነው።

ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። የአሸዋ ወረቀት፣ ከአቧራ የጸዳ ክፍል፣ ትዕግሥት። በደፎቹ ውስጥ ሰም ይረጫል፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም በቀለም እንዳይደፈኑ በቀጭን ሽቦ ይከፈታሉ። ጠንቃቃ ሠራተኛ ግን አንድ ቦታ ሳይቀባ ይተዋል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ሽቦዎቹ በሚያልፉበት፣ መዳፍ የምታህል። በዚያች ቦታ ላይ መኪናዋ ስትሠራ የተረጨው ቀለም፣ ከነመፍዘዙ፣ አለ።