የፒያኖ ቁልፍ «አልተስተካከለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ግራንድ ፒያኖ ሲያወራ «ቁልፎቹ ወጣ ገባ ካሉ ይቃኝ፤ እምቢ ካለም ዘይት ጠብ አድርጉበት» ብሎ አረፈው። አቦ ተዉን! መቃኘት የክር ውጥረት ጉዳይ ነው። ቃኚው ክር ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ቁልፍ ቢመታም ድምፁን ለመስማት ነው። ዝቅ ያለ ቁልፍ በቅኝት ቀና ሲል ያየ ካለ ይንገረኝ።

«አልተስተካከለም» የሚባለው ሦስት የተለያየ ሕመም ነው፤ የቁመት፣ የክብደት፣ የድምፅ። ቁመቱም ክብደቱም ደህና ሆኖ ድምፁ ብቻ ከጎረቤቶቹ ከተለየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ክሩን የሚመታው መዶሻ ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ስለሆነ ቁልፉን አትንኩት። ሰዉን የሚያሳስተው የቁመቱ ነው።

ቁልፉን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ እንደምናየው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስቡት። መሀሉ ላይ ማረፊያ አለው፤ አንደኛው ጫፍ ጣታችሁ ስር ነው፣ ሌላው መዶሻውን የሚያነሳውን ዕቃ ተሸክሟል። የኋላው ስለሚከብድ ማንም ሳይነካው ወደኋላ ወርዶ ሱፍ ጨርቅ ላይ ያርፋል፤ የፊቱ አየር ላይ ይቀራል። እንግዲህ ነጩ ቁልፍ ዝቅ ሲል ሰዉ ከፊቱ ስር ወረቀት ይጎሰጉሳል። አየር ላይ ከተንጠለጠለው ሳህን ስር ጠጠር ብታስቀምጡ ሳህኑ ከፍ ይላል? አይልም፤ ሲወርድ ጠጠሩ ላይ ቶሎ ይቆማል እንጂ። ቁልፉም በዝቅታው ይቀርና ጥልቀቱም ያጥራል። 10 ሚሊ ሜትር ገደማ መውረድ የነበረበት 8 ላይ ከቆመ፣ መዶሻው ከሚገፋው ዕቃ በወጉ ሳይላቀቅ ይቀራል፤ በቀስታ ስትጫወቱ ድምፁ ይከዳችኋል።

ቁመት የሚስተካከለው ከመሀል ነው። ቁልፉን መሀሉ ላይ ከሰካው ፒን አውጥታችሁ ማረፊያው ላይ ካለው ፌልት ስር የወረቀት ሮንዴላ ትጨምራላችሁ። መሀል ላይ የገባው 0.1 ሚሊ ሜትር ፊት ላይ እጥፍ ገደማ ሆኖ ስለሚታይ ወፍራም ካርቶን አይሞከርም። ከዚያ በፊት ግን ፌልቱን እዩት። ብዙ በሚመታው በመሀለኛው ክፍል ፌልቱ ተጨፍልቆ ይሆናል፤ ዳርና ዳሩ የተበሳሳ ከሆነና ዱቄት ከታየ ደግሞ ብል በልቶታል። ብል የበላውን በወረቀት ማንሳት ለሳምንት ነው፤ ፌልቱ ይለወጥ።

ወደ ክብደቱ ልለፍ። ደህና የሆነ የመሀል ቁልፍ 50 ግራም ገደማ ሲጫንበት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስትለኩ የቀኙን ፔዳል ርገጡ፤ አለዚያ ክሩን ዝም የሚያሰኘው ማፈኛ ክብደት ተደምሮ ያሳስታችኋል። የባሱ (የወፍራም ድምፁ) ወገን በመጠኑ ቢከብድ ጥፋት አይደለም። ሚዛኑን ልጨርሰው፤ ሻጩ በአውራ ጣቱ ሳህኑን ሰርቆ ቢይዘው ለመውረድም ለመመለስም ያስቸግራል። ፒያኖ ውስጥ ያ አውራ ጣት ሰበቃ ነው። ወርዶ የማይመለስ ቁልፍ ስታገኙ ፊቱን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ነቅንቁት። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ፒኑን ያቀፈው ፌልት አብጧል። ትንሽ እየተነቃነቀም የማይመለስ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ በላይ፣ መዶሻውን የሚያነሳው ዕቃ የሚዞርበት ፒን አካባቢ ነው። ዘይት ሁለቱንም አያድንም፤ ፌልቱ ይጠጣውና አቧራ ይሰበስብበታል።

ሁሉን በእርጥበት ማሳበብም አለ። በጅቡቲ ወደብ እርጥበት ያበጠ ፌልትና እንጨት የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው ይሟሽሻል፤ ከዚራ ቤት ውስጥ ቬንቲሌተር ፊት ለፊት የቆመ ፒያኖ የሚያመው ብዙ ጊዜ መጣበቅ ሳይሆን መላላት ነው። ቁልፉ ይንቋቋል፣ ብሎኑ ይለቃል። መጀመሪያ ብሎን አጥብቁ። በደንገጎ ዳገት አድርጎ ሐረር የወጣ ፒያኖ ደግሞ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ በደረሰበት ቀን ሮንዴላ መቁጠር ድካም ነው።

አክሽኑን (ቁልፎቹንና መዶሻዎቹን የያዘውን ክፍል) ከሳጥኑ ስትስቡ ምንም ቁልፍ እንዳይጫን እጃችሁን ጠብቁ። አንድ ቁልፍ ከተጫነ መዶሻው ቀና ይልና ከፊቱ ጣውላ ጋር ይጋጫል፤ አንገቱም ቀጭን እንጨት ስለሆነ ወዲያው ይቀነጠሳል።