ሚሞሳ ፑዲካ ምንድን ነው? ሲነኩት የሚታጠፈውን ተክል መለየትና መንከባከብ

ሚሞሳ ፑዲካ የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነ፣ ጣት ሲያርፍበት ቅጠሉን በሰከንዶች ውስጥ የሚያጥፍ ተክል ነው። መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙን ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. አውጥቶለታል።

ቅጠሉን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ፣ ትንንሾቹ ቅጠሎችም ከዘንጋቸው ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ ሁሉ ትንሽ እብጠት አለ። ተክሉ ሲነካ በእብጠቱ አንድ ወገን ያሉ ሕዋሳት ፖታሲየምና ክሎራይድ የሚባሉ ጨዋማ ንጥረ ነገሮችን ያስወጣሉ፤ ውሃም ተከትሎ ይወጣል፤ ያ ወገን ይላላና ቅጠሉ ይታጠፋል። መልእክቱ የሚተላለፈው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ጫፉ ብቻ ቢነካ እንኳ ጥንድ ጥንዱ በየተራ ሲከደን ይታያል። መታጠፉ ቅጽበታዊ ቢሆንም ውሃውን መልሶ ሞልቶ ለመዘርጋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ቅጠሉ የሚያገኘው ብርሃን ያንሳል፤ መዘርጋቱም ጉልበት ይጠይቃል። ተክሉን ቀኑን ሙሉ መነካካት ምግቡን መቀነስ ነውና በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ማታ ራሱን ችሎ ቢታጠፍ ግን አያስጨንቅ፤ ተፈጥሮው ነው።

ለመለየት ቅጠሉን አስተውሉ። ከአንድ ነጥብ እንደ ጣቶች የሚዘረጉ ሁለት ወይም አራት ዘንጎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከ10 እስከ 25 ጥንድ ጠባብ ትንንሽ ቅጠሎች ይደረደራሉ። ግንዱ እሾህ አለው፤ አበባው ፈዛዛ ሮዝ፣ ጸጉራምና ድቡልቡል ነው፤ ዘሩን የሚይዘው ቆባ ጠርዝም ሻካራ ጸጉር ያበቅላል። ሚሞሳ ፒግራ የሚባለው ዘመዱ ሲነካ ቢታጠፍም ትልቅ ቁጥቋጦ ነው፤ አንዱ ቅጠሉም ብዙ ጥንድ ዘንጎች ይይዛል። ሲነካ የሚታጠፈው ሌላ ተክል፣ ባዮፊተም፣ ደግሞ ቅጠሎቹን በአንድ አጭር ግንድ አናት ላይ እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ በቀላሉ ይለያል።

ከዘር ማብቀሉ ከሁሉ ይሻላል፤ ቁራጭ ተክሎ ሥር ማስያዝ ብዙ ጊዜ አይሳካም። የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ መፋቅ፣ ወይም ሙቅ (የማይፈላ) ውሃ ውስጥ ከትቶ ለ24 ሰዓት መተው ያስፈልጋል። ከዚያ ውሃ በደንብ በሚያሳልፍ አፈር ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ መዝራት ነው። ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካገኘ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ሥሩ መነካካትን አይወድም፤ ሲዛወር ሥሩ የያዘውን አፈር ሳያራግፉ እንዳለ ማንሳት ነው።

በቀን ጥቂት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ብርሃን ካነሰው ግንዱ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ አበባም አይሰጥም፤ ያኔ ቦታውን ቀይሮ ጫፉን መቀንጠብ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ውሃ የሚጠጣው የአፈሩ ገጽ መድረቅ ሲጀምር ነው። ማዳበሪያ በዕድገቱ ወቅት በግማሽ መጠን ተበጥብጦ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ናይትሮጅን የበዛበትን አትምረጡ፤ ቅጠል ብቻ ያበዛል።

በጠራራ ቀን ማንም ሳይነካው ከታጠፈ መጀመሪያ አፈሩን ዳስሱ። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል፤ እርጥብ ከሆነ ብርድ ወይም ነፋስ እየመታው ሊሆን ይችላል። አፈሩ ጨቅይቶ የታች ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ውሃውን አቁሙ፣ የዕቃው ቀዳዳ አለመደፈኑንም አረጋግጡ። ሲነካ ቀስ ብሎ ብቻ የሚንቀሳቀስ ተክል ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞታል ወይም ብርሃን አንሶታል። ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የገረጡ ነጠብጣቦችና ቀጭን ድር ካያችሁ ሸረሪት መሰል ተባዮች ገብተውበታል። ደረቅ አየር ያራባቸዋል፤ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ቅጠሉ መታጠፉ አይቀርም፤ እስኪዘረጋ ጠብቃችሁ እንደገና ማጠብ ነው።

ተክሉ ሚሞሲን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ሕፃናትና እንስሳት እንዳይበሉት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሞቃት አገሮች አረም ሆኖ በፍጥነት ስለሚዛመት ደጅ አይተከል፤ ቆባውም ሳይበተን ይልቀም።