ከስሪያ ጋር የሚዛመተው የፍየል ሄርፒስ

የፍየል ሄርፒስ ቫይረስ 1 አንዴ ፍየል ገላ ውስጥ ከገባ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ከታመሙ ግልገሎች ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በይበልጥ የሚገኘው በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በደቡብ ኢጣሊያ፣ በግሪክና በስፔን የወተት ፍየሎች መንጋ ውስጥ ነው።

ክፉኛ የሚመታው ግልገሎችን ነው። በተወለደ በአንድና በሁለት ሳምንቱ የተያዘ ግልገል መጥባት ይተዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ይሞታል። ሬሳው ሲከፈት ጨጓራውና አንጀቱ ቆስሎ ይታያል። አዋቂዋ ፍየል ግን ቆማ ትግጣለች፣ ትታለባለች። ጭራዋ ተነስቶ ሲታይ ነው ብልቷ አብጦና ቀልቶ፣ በላዩ ላይ ቅርፊት የያዙ ትናንሽ ቁስሎች የሚገኙት። አውራውም ብልቱና ሸለፈቱ ላይ እንዲሁ ይቆስላል። ያረገዘችው ደግሞ በእርግዝናዋ ሁለተኛ አጋማሽ ሌላ ምልክት ሳታሳይ ልትጨነግፍ ትችላለች።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሽራል፤ ቫይረሱ ግን በነርቭ ተጉዞ ዳሌ አካባቢ ባሉ የአከርካሪ ነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ይተኛል። በሙከራ መቀስቀሱ ቀላል አይደለም፤ ተመራማሪዎች የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለተከታታይ ቀናት መስጠት አስፈልጓቸዋል። በተፈጥሮ ግን ፍየሏ አውራ በምትፈልግበት ሰሞን ራሱ ሊነቃ ይችላል። ለእኔ የዚህ በሽታ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቫይረሱ ወደ ውጭ የሚወጣው አውራው በሚጠጋበት በዚያው ቀን ነው። ጤነኛ መስሎ ለስሪያ የተዋሰ አንድ አውራ ከአንዷ የወሰደውን ለብዙዎች ያዳርሳል። በአፍንጫ ፈሳሽም ይተላለፋል፤ ግልገሎች ከእናታቸው ይይዛቸዋል።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቫይረሱ ከከብቶች ሄርፒስ ቫይረስ 1 ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በደም ምርመራ ሁለቱ ይምታታሉ፤ የከብቶቹን በሽታ ለማጥፋት ለሚደክሙ አገሮች ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ቁስሉ ትኩስ ሳለ የተወሰደ ናሙና የቫይረሱን ዘረ መል በሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ በፒሲአር፣ ሲታይ ይለያል።

ከገላ የሚያስወጣው መድኃኒት የለም። በኢጣሊያ የባሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክትባቶችን ሲሞክሩ ቆይተዋል፤ አርቢው እንደ ልብ ገዝቶ የሚያስከትበው ግን አላገኘም። ስለዚህ አውራ ከመግዛት ወይም ከመዋስ በፊት ደሙን ማስመርመር፣ ቁስል የታየባትን ፍየል ከስሪያ ማራቅ ግድ ነው። ፍየል ስትጨነግፍም ፅንሱንና የእንግዴ ልጁን በጓንት አንስቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል፤ ይህ ቫይረስ ሰውን እንደሚይዝ አይታወቅም፣ እንዲሁ የሚያስጨነግፈው ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ ግን ሰውንም ያሳምማል።